በሕይወት ያለውን ህዋስ ማየት



ይህ ዩኒቨርሲቲ በወረርሽኝ ማግስት የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የመታው ወባ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። በዓመቱ የጤና ጥበቃ ኮሌጁ እዚሁ ጎንደር ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖቹ፣ ነርሶቹና ሳኒታሪያኖቹም ወደ ገጠር ወጡ። ውድ ተመራቂዎች፣ እናንተ የእነሱ ተከታዮች ናችሁ። ዛሬ አደራ የምላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ተውሳኩ ህዋስ ውስጥ መኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ እንዴት ገባ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ ካላ አዛር ይዞት ይመለሳል። ትኩሳቱ አይለቀውም፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ያልቃል። ናሙናውን በጊምሳ ቀልማችሁ፣ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በመቶው ሌንስ ስታዩ ፓራሳይቱን ማክሮፋጅ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ተውሳክን ውጦ ሊያጠፋ በተፈጠረው ህዋስ ውስጥ ማለት ነው! ኤች አይ ቪም ይህንኑ ህዋስ ይይዛል። ሁለቱ የተገናኙበት ታማሚ ታክሞ ከወጣ በኋላ ደጋግሞ ያገረሽበታል።

ስላይዱ ላይ ያለው ህዋስ ግን የሞተ ነው። ምን እንደያዘ ያሳየናል፤ ሲያዝ የሆነውን አያሳየንም። በቫይረስ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የካላ አዛር ፓራሳይት ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ሲሆን ኤች አይ ቪ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን አጥርቶ አያሳይም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቫይረሱ ይታያል፤ ህዋሱ ግን እዚያም በሕይወት የለም።

መፍትሔው ቫይረሱን ብርሃን ማሸከም ሆነ። ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከባሕር ጄሊፊሽ ለይቶ ያወጣው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ከዓመታት በኋላ ለዚህ ዋለ፤ እሱና ሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። ማታ ከደባርቅ በኩል የሊማሊሞን መንገድ ቁልቁል ያየ ሰው የመኪናው አካል አይታየውም፤ መብራቱን እየተከተለ ግን የት እንደታጠፈና የት እንደቆመ ያውቃል። ሌሎች ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በህያው ህዋስ ውስጥ፣ በህዋሱ በራሱ የማጓጓዣ መስመር ወደ ኒውክሊየሱ ሲሄድ ተከታትለው አዩ። ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የበዛ ብርሃን ራሱ ህዋሱን ይጎዳዋልና።

በኤች አይ ቪ ላይ የታየው ይበልጥ ይደንቀኛል። የቫይረሱን ዘረ መል የያዘው ቅርፊት፣ ማለትም ካፕሲዱ፣ ኒውክሊየስ ሳይደርስ ይፈርሳል ተብሎ ለዓመታት ሲታሰብ ኖሯል። በ2020 እና በ2021 የወጡ ጥናቶች ግን ካፕሲዱ ሳይፈርስ በኒውክሊየሱ ቀዳዳ ሊያልፍ እንደሚችል አሳዩ። ይህንኑ ካፕሲድ የሚያጠቃው ሌናካፓቪር የተባለ መድኃኒት በዓመት ሁለት ጊዜ በመርፌ ይሰጣል። በ2024 ውጤቱ በተገለጸው የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም። መድኃኒቱ ከማይክሮስኮፕ ብቻ የተገኘ ነው አልልም፤ የብዙ ዓይነት ጥናት ፍሬ ነው። የአንድን ቫይረስ መንገድ ደረጃ በደረጃ ማወቅ የት ላይ መምታት እንደሚቻል እንደሚጠቁም ግን ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

እንዲህ ያለ ምርምር የሌላ አገር ሥራ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ ያለባቸው ታማሚዎች በአምቢዞምና በሚልቴፎሲን ጥምር እንዲታከሙ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያ ሲያወጣ፣ ከሕንዱ ጥናት ጋር መሠረት የሆነው በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደው ሙከራ ነው። የእኛ ታማሚዎችና የእኛ ባለሙያዎች የዓለምን ሕክምና ለውጠዋል።

ስለዚህ መተማም ደባርቅም የምትመደቡ ልጆች፣ ያገረሸበት ታማሚ ሲመጣ ውጤቱን ብቻ ጽፋችሁ አትሸኙት። ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት ወስዶ እንደነበር፣ ከስንት ወር በኋላ እንደተመለሰ መዝግቡ፤ ግራ ያጋባችሁን ሁሉ ለመምህራኖቻችሁ ጻፉላቸው። የዩኒቨርሲቲውን አመራሮችም እለምናለሁ፦ ከእነዚህ ልጆች መካከል ህያው ህዋስን አጠናለሁ ብሎ ለሚመጣው መሣሪያም፣ ጊዜም፣ አስተማሪም አታሳጡት።