የዶርሙ ቅጽል ስም
(በማኅበራችን ዓመታዊ የእራት ምሽት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ተማሪነት ዘመንህ አጠር አድርገህ ተናገር» ሲሉኝ መጀመሪያ የሚያስቅ ነገር ነበር ያሰብኩት። ግን ዕዳ አለብኝ፤ ዛሬ እሱን ልክፈል።

ዶርማችን ውስጥ ስምንት ነበርን። አንደኛው ከጋምቤላ የመጣ፣ ሒሳብ ሁላችንንም የሚያስጠና ልጅ ነበር። በስሙ አልጠራነውም። በጥቁረቱ ቅጽል ስም አወጣንለት፤ ቃሉን አልደግመውም፣ ታውቁታላችሁ። ስንጠራው ይስቃል። እኛም «ተጫዋች ነው፣ አይከፋውም» እያልን አራት ዓመት ጠራነው።

ከዚያ አሜሪካ ሄድኩ። እዚያ ልጄን «ማን ነህ ሲሉህ ኢትዮጵያዊ ነኝ በል» ብዬ አሳደግኩት። አገሩን መውደዱ ደግ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የፈለግኩት ግን «ከጥቁር አሜሪካውያን አይደለሁም» እንዲል ነበር።

15 ዓመት ሲሆነው ፖሊስ ከጓደኞቹ ጋር አስቁሞ ፈተሸው። ቤት ገብቶ «አባዬ፣ ፖሊሱ እኮ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀኝም» አለኝ። ምን ልበለው? ለትምህርት ብሎ አሜሪካ የሄደውን ሙሉጌታ ስራውን በ1988 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ ላይ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ሲገድሉት ያዩት ጥቁርነቱን ነበር።

ይሄ ከእኛ በፊት የገባቸው ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያን ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ጥቁር አሜሪካውያንን እንደ ወገን ይዘው ነው።

ልጄ በዚያው ምሽት ሌላ ጥያቄ አመጣ። «እንግዶች ሲመጡ የምትሉት ያ ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?» «ቀልድ ነው» አልኩት። «የሚስቀው ማነው?» አለኝ።

ያ የዶርም ጓደኛዬ ፊቴ ድቅን አለ።

እኛ አገር «ዘር» ሲባል የሚታሰበን ብሔር ነው። በእሱ ቀኑን ሙሉ እንከራከራለን። ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰው ስለምንመዝንበት ነገር ሲነሳ ግን «ይሄ የፈረንጅ ችግር ነው» ብለን እናልፋለን። ባርነትን በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ከለከለው፤ ቃሉን ግን ከአፋችን አላወጣውም።

ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። «ያ ስም ያምህ ነበር?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ብቻዬን ነበርኩ። ካልሳቅኩ ከማን ጋር ልበላ ነው?» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። «እሺ» አለ፤ ቀጥሎም፣ «ግን በስልክ አይበቃም። ስትጠሩኝ ካፌው ሁሉ ይሰማ ነበር» አለኝ።

ስለዚህ ነው ዛሬ ማይክ ይዤ የቆምኩት። ስሙን እንዳልጠራ ስለጠየቀኝ አልጠራም። እናንተ ከዚያ ዶርም የነበራችሁ ግን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስልኩ እኔ ጋ አለ።

መምህራኖቻችን፣ ዛሬም ዶርም ውስጥ እየሳቀ የሚውል ልጅ ይኖራል። ሳቁን አይታችሁ «አልከፋውም» አትበሉ። ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት፤ መጀመሪያ ግን በስሙ ጥሩት።