ለከፋ የሩቅ እይታ ችግር የቱ ሌዘር?
በአዲጋላና በባቡሩ መስመር ያላችሁ አድማጮቻችን። የመነጽራችሁ ቁጥር ከኔጌቲቭ 6 ካለፈ ይህ ይመለከታችኋል።

ሌዘር የሚቀርጸው ኮርኒያን፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን የዓይን ፊተኛ ሽፋን ነው። ቁጥሩ በከፋ መጠን የሚነሣው ይበዛል፣ የሚተርፈው ይሳሳል።

ላሲክ የተባለው የሌዘር ዘዴ ስስ ሽፋን ገልጦ ከሥሩ ይቀርጻል፤ ብዙዎች በማግሥቱ ያያሉ። ስማይል ከ4 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ቀዳዳ ቀጭን ቁራጭ ያወጣል። ፒአርኬ ሽፋን አይገልጥም፤ የላይኛው ስስ ቆዳ ተነሥቶ እስኪተካ ግን ለቀናት ያቃጥላል። አዲጋላ ደግሞ አቧራ አለ፤ ቤት መዋል ግድ ነው።

ኮርኒያው ከሳሳ ወይም ቁጥሩ ከ10 ካለፈ፣ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ ነው። አደራ፣ የኮርኒያችሁን ውፍረት ሳታስለኩ አትወስኑ። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ሬቲናችሁን አስመርምሩ፤ ችግሩን ያመጣው የዓይን መርዘም በቀዶ ጥገናው አይቀርምና።