የልደት ወራት አበቦች



በአውሮፓ ለያንዳንዱ የልደት ወር አበባ የመመደብ ልማድ አለ። የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት የነበረችው ሌዲ ሜሪ ሞንታጊው በ1718 እ.ኤ.አ. ከቁስጥንጥንያ ስለ አበባ ምልክት ጽፋ ነበር፤ በ1819 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሻርሎት ደ ላቱር «የአበቦች ቋንቋ» በፓሪስ ታተመ። ለጃንዋሪ የተሰጠው አንዱ አበባ በረዶውን ሰንጥቆ የሚወጣ ነጭ አበባ ስለ ሆነ የተስፋ ምልክት ተባለ። በረዶ ምድርን ለሳምንታት ሲሸፍን ላላየ ተማሪ ግን ይህ ምን ይነግረዋል? ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ትርጓሜውን አያገኘውም።

የመስከረም አደይ ግን አስተርጓሚ አይሻም። ክረምቱ ሲወጣ መስኩን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ልጃገረዶችም ከእንግጫ ጋር ለዘመን መለወጫ ያበረክቱታል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 የጽጌ ቀናትም ቤተ ክርስቲያን ድንግል ማርያምንና ልጇን በአበባ ትመስላለች።

እንግዲህ መምህሩ በየወሩ ተማሪዎቹን ወደ መስክ አውጥቶ ያበበውን ያስመዝግባቸው፤ የባዕዱ ሰንጠረዥ ከዚያ በኋላ ይነበብ።