ካዝና ውስጥ የሚውሉ ፊልሞች
(ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር)



የማነሣው ጉዳይ የሕፃናት ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን የሙያችን ጉዳይ ነው። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳየውን «ስኖው ኋይት» የተሰኘ የካርቱን ፊልም በ1944 እንደገና ለሲኒማ ቤቶች አቀረበ። ገቢው መልካም ስለ ሆነ የድሮ ፊልሞቹን በየሰባት ዓመቱ ገደማ እያወጣ፣ በመካከሉ ለተወለዱት ልጆች እንደ አዲስ ማሳየትን ልማድ አደረገው።

የቪዲዮ ካሴት በመጣ ጊዜ ይህ ልማድ ተሠጋ። ፊልሙን ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ለምን ሲኒማ ቤት ይሄዳል? «ሮቢን ሁድ» በ1984፣ «ፒኖኪዮ» በ1985 ለሽያጭ ወጡ፤ የኋለኛው ዋጋ በመጀመሪያ 80 ዶላር ያህል ነበረ። መላው የተገኘው ጊዜን በመገደብ ነው፤ ካሴቱ ጥቂት ወራት ይሸጥና «ወደ ካዝናው ይመለሳል» ተብሎ ይነገራል፣ ወላጅም ይሻማል። «ስኖው ኋይት» ራሱ በአሜሪካ በካሴት የተሸጠው በ1994 ነው፤ ያውም ከ57 ዓመት ያህል ቆይታ በኋላ!

ነጋዴ ዕቃውን አሳጥቶ ዋጋ ቢያስወድድ ብዙም አይደንቀኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም የካዝናው ባለቤት የትኛው ቅጂ ለትውልድ እንደሚተርፍ ብቻውን መወሰኑ ነው። በ1940 ከወጣው «ፋንታዚያ» ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ሥዕል የነበረበት ክፍል በ1969 ተቆርጦ ወጣ። «ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ» የተባለው የ1946 ፊልም ደግሞ በጃፓንና በብሪታንያ በቪዲዮ ሲሸጥ በአገሩ በአሜሪካ ከቶ አልተሸጠም። ሥዕሎቹን ላወድስ አልተነሣሁም፤ አስነዋሪ ናቸው። ነገር ግን ንቀት ለልጆች እንዴት ይማር እንደ ነበረ የሚጽፍ ተመራማሪ ሰነዱን ካላየ ምን ይዞ ይከራከራል?

በኅዳር 2019 ኩባንያው በኢንተርኔት የሚያሳይበትን አገልግሎት ሲከፍት ካዝናው ተከፈተ ተባለ። እርግጥ ብዙው ወጥቷል፤ ያ የ1946ቱ ፊልም ግን አልወጣም። ደንበኛውም የሚከፍለው ለማየት እንጂ ቅጂ ለመያዝ አይደለም። በ2023 ለአገልግሎቱ ተብለው የተሠሩ በርካታ ሥራዎች ከዝርዝሩ ሲነሡ፣ በዲስክ ያልታተሙትን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ለተመልካች አዳጋች ሆነ።

እንግዲህ የቀደሙት ቅጂዎች በብዛት ያሉት በየሰው ቤት፣ መግነጢሳዊ ክሩ በሚበላሽ ካሴት ላይ ነው። ካሴቶች ወደ ዲስክ ሲገለበጡ ዋናዎቹ እንዳይጣሉ፤ ሲመዘገቡም ከአርእስቱ ሌላ የታተሙበት ዓመትና አገር፣ የሚፈጁትም ደቂቃ በካርዱ ላይ ይስፈር። አምስት ደቂቃ የጎደለው ፊልም የሚታወቀው በዚያ ነውና።