በጥር ያነበብነው፣ ያደመጥነው፣ ያየነው

(በየካቲት ወር ስብሰባችን ላይ በንባብና ማድመጥ ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



ጥር በእኛ አገር የሰርግ ወር ነው። በየቅዳሜው እንገናኛለን ብለን ሁለቱን ቅዳሜ ድግስ ወሰደብን። አንዱ ቤት ጠላ ሲጠመቅ፣ ሌላው ቤት እንጀራ ሲጋገር፣ ከእኛ መካከል እጇ ያረፈ አልነበረም። ስለዚህ የዚህ ወር ምርጫችን እንደ ኅዳሩ ብዙ አይደለም።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ባለፈው ስብሰባ ለተነሣው ጥያቄ መልስ አለብን። አንዲት እናታችን «የተሰባሰብነው ልንቆጥብ ነው ወይስ ተረት ልንሰማ?» ብለዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ አልተቀየምንም። ከቁጠባው ሣጥን አንድም ብር አልወጣም። ስፒከሩን የገዛነው ከራሳችን አዋጥተን ነው። ጊዜውንም ቢሆን ከሥራ አልሰረቅነውም፤ ጆሮ ሲያደምጥ እጅ ይሠራል። ስንደዶውና አክርማው ጭን ላይ፣ ወስፌው ጣት ላይ ሆኖ ነው የምናደምጠው። በዚህ ወር አንድ ሞሰብ ከነክዳኑ ያለቀው በትረካ መካከል ነው። የአለላው ቀለም ግን አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል። የሰፋችው አባላችን «ሰብለ ወንጌል ስትጠፋ ነው የተሳሳትኩት» ብላለች።

እንግዲህ የወሩ መጽሐፋችን የትኛው እንደሆነ አውቃችኋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አብዛኞቻችን ግን ያገኘነው በጆሯችን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የተረከው ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ከእኛ መካከል በዕድሜ ትልቋ እናት ያኔ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምተውታል። የባትሪው ድንጋይ እንዳያልቅ ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር፤ ትረካው ሲጀመር ጎረቤት ሁሉ በራቸው ላይ ይሰበሰብ ነበር። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. አርፏል። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ግን እናታችን ዛሬም ደንገጥ ይላሉ። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ይህ ትረካ በሚሞሪ ካርድ ከእጅ እጅ ሲዞር ነበር የቆየው።

ታሪኩ የዓባይ ማዶ ታሪክ ነው፤ ጎጃም ነው። የእስቴ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ይነግዳል፣ ይጋባል፤ ስለዚህ አነጋገሩ ለጆሯችን ባዕድ አልሆነም። ስለዚህ መጽሐፍ የሚናገር ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለን ያነሣል፤ ፊደል የቆጠረው ደግሞ ጉዱ ካሣን ይጨምራል። እኛ ብዙ የቆየነው ግን መጀመሪያው ላይ፣ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ላይ ነው። ባሎቿ ተከታትለው የሞቱባት ሴት ናት። ሰው ሞቱን ከእሷ ቆጥሮ ይሸሻታል። ከቦጋለ መብራቱ ጋር የምትጋባው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ልጅ ሲያገኙ ደግሞ እንዳይሞትባቸው በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡታል። በኋላ ለሚመጣው መከራ ሁሉ ሥሩ ያ የሁለት የፈሩ ወላጆች ስለት ነው ብለን እናምናለን። ፊታውራሪ መሸሻ ብቻ አይደሉም ጥፋተኛው።

እዚህ ላይ ትረካውን አቆምነው። ከመካከላችን ሁለት ባል የቀበረች አባል አለች። ይህን የምንናገረው በፈቃዷ ነው፤ ስሟን ግን አንጠራም። «እኔን እኮ ነው የሚያወራው» አለች። ለረጅም ጊዜ ዝም ያለች ሴት ናት። «እግሯ ነው፤ የገባችበት ቤት አይቀናም» ይባልባት እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ሰምተንም ዝም ብለናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከዝምታም አልፈናል፤ ለሙሽራ ድግስ ሴቶችን ስንጠራ እሷን የዘለልንበት ጊዜ አለ። ለምን ብላ አልጠየቀችንም፤ እኛም አልነገርናትም።

ያ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ከአባሎቻችን አንዷ ልጇን ስትድር ጠራቻት። መጣች፤ ከንጋት ጀምራ እስከ ማታ ጓዳ ውስጥ ስትሠራ ዋለች። ሙሽራዋ ስትወጣ ግን ሁላችን እልል እያልን ወደ ደጅ ስንወጣ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። በኋላ ስንጠይቃት «ለልጅቷ ብዬ ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢደርስባት ምን እባላለሁ?» አለችን። ምን እንደምንመልስላት አላወቅንም። አሁንም አላወቅንም። ትረካውን ግን ከዚያ ወዲህ ስንቀጥል የምትቀመጠው መሐል ነው።

ከፖድካስት የመረጥነው የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ነው። ሸገር ኤፍኤም 102.1 የአዲስ አበባ ጣቢያ ስለሆነ ሞገዱ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ የምናገኘው በስልክ ነው። የመዓዛ ጥሩነቷ መጠየቋ ብቻ ሳይሆን ዝም ማለቷም ነው። እንግዳው ሲያስታውስ አትቸኩልበትም። በስብሰባችን ላይ አንዷ ስትናገር ሌላዋ የምታቋርጠውን ስናስብ ከእሷ ልንማር ይገባናል ተባባልን፤ ወዲያው ግን ሦስታችን አብረን መናገር ጀመርን።

ከዜማ ደግሞ የእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው የተመረጠው፤ በክርክር ነው ያለፈው። «መነኩሲት ፒያኖ ትመታለች ወይ?» የሚል ተነሣ። ታሪካቸውን የምታውቅ ወጣት አባላችን አስረዳችን። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል። ደራሲዋና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ስንዱ ገብሩ እኅታቸው ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቤተሰባቸው ታስሮ ወደ ጣሊያን አገር ተወስዷል። እማሆይ በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው ዓመታት በባዶ እግራቸው ኖረዋል። ከዚያ ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ ልጆች በየደጁ ቁራሽ ለምነው፣ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተኝተው ሲማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ፒያኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ጀርመን አገር አሳትመው ገቢውን ለበጎ ሥራ አዋሉት። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ አርፈዋል።

ይህ ከተነገረ በኋላ ክርክሩ ቆመ፤ ምክንያቱም ከእኛ ስንቶቻችን የቆሎ ተማሪ ልጅ አለን? ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊማር የሄደ፣ ቅኔ ፍለጋ ዓባይን የተሻገረ፣ ደበሎውን ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በሰው ደጅ የቆመ። ማንም ያላየልን መስሎን ነበር። ዜማውን ደግመን ከፈትነው። ቃል የለውም፤ ሆኖም ከመካከላችን ያለቀሰች ነበረች። ጥያቄውን ያነሡት እናት ግን «ቢሆንም በገና ይሻል ነበር» ብለዋል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።

ከቴሌቪዥን አዲስ ነገር የለንም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር መሐሉን እየሳትነው ነው። በአርትስ ቲቪ ይታይ የነበረውን «እረኛዬ»ን ከስልክ ደግመን ማየት ጀምረናል። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት ነው። በብዙ ድራማ የገጠር ሴት የምትገባው ለማሣቅ ነው፤ እዚህ ግን የሚያስቅ አልሆነብንም። ገና ብዙ ስለሚቀረን ዝርዝሩ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ።

በጾሙ ወራት ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኛለን። ፊደል የጀመሩ አራት እናቶች ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ አንድ ገጽ በየተራ ጮክ ብለው ያነብቡልናል፤ የሚሣቅ ካለ ከውጭ ይሣቅ። ድጋፍ ለምታደርጉልን ወዳጆቻችን፤ መጽሐፍ ልትልኩልን ካሰባችሁ ፊደሉ ተለቅ ያለውን ምረጡልን፤ የብዙዎቻችን ዓይን ደክሟል።

በመጨረሻም የወጋየሁ ትረካ ያለበት ሚሞሪ ካርድ ከጥር 21፣ ከአስተርእዮ ማርያም ጀምሮ አልተመለሰም። ማን ዘንድ እንዳለ እናውቃለን። ሰርጉም አልቋልና እባክሽ አምጪልን።