ቱሪዝምና ውኃ በይፋት ቆላ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በጣርማ በር የፈለፈሉትን ዋሻ ካለፈ በኋላ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳም ደጋ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወርዷል፤ ካፖርቱንም አውልቆ በእጁ ይዟል። ምሳውን በልቶ፣ ማንጎና ፓፓያ ገዝቶ መንገዱን ይቀጥላል። የይፋት ቱሪዝም ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ይህ ሰው ቢያድር ምን ያያል? የማደሩንስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

የመጀመሪያው አያስቸግርም። ይፋት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የያዘው የወላስማ ሥርወ መንግሥት አገር ነበር። ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣው የንግድ መስመርም በዚሁ ያልፍ ነበር። ኖራና አስበሪ በተባሉት ጥንታዊ ከተሞች የመስጊድ ግንቦች ፍርስራሽ ይታያል፤ የፈራረሰ ግንብ ድንጋይ ለአዲስ አጥር እንዴት እንደሚያጓጓም ማንም ግንበኛ ያውቃል። ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የሰንበቴ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አርጎባውን ያገናኛል። ወደ ምዕራብ ቀና ቢሉ ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን በገደሉ ላይ ተንጣሎ ይታያል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። የቆላው ሕይወት ከዚያ ገደል የሚወርደው ውኃ ነው። ገበሬው በበጋ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ሮቢንና መሰል ወንዞችን በቦይ ጠልፎ ነው። በሙቀቱ የተጨነቀ እንግዳ በቀን ሁለት ጊዜ ገላውን ቢታጠብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የሆቴሉ ፓምፕ የሚስበው ከገደሉ የወረደውን ያንኑ ውኃ ነው። ከተራራ ግርጌ ያለ የጠጠርና የደለል መሬት ውኃን በቀላሉ ያሰርጋል፤ ስለዚህ ያለ ማጣሪያ ወደ ጉድጓድ የተለቀቀ ፍሳሽ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ የጎረቤት ባልዲ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ አረንጓዴ ቱሪዝም ማለት በግቢ ውስጥ አበባ መትከል ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነገሩን ማቃለል ይሆናል። የእጣቢውን ውኃ ለዛፍ፣ የፀሐዩን ሙቀት ለገላ መታጠቢያ ማዋል ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ስለ ቤቱም አሠራር ቢሆን ትምህርቱ ቅርብ ነው። የአርጎባ ሕዝብ በሾንኬ መንደር ያነጻቸው ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣራቸው ጠፍጣፋ ነው። ወፍራም ድንጋይ የቀኑን ሙቀት አዘግይቶ ስለሚያሳልፍ ክፍሉ እኩለ ቀን ላይ ቀዝቀዝ ይላል። በቆርቆሮ የተከደነ ቀጭን የብሎኬት ክፍል ግን ቀኑን ሙሉ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣ ተገዝቶ የመብራት ሒሳብ ይከፈልበታል።

ጥበቃ ያለ ባለቤት እንደማይጸና የመንዝ ጓሳ ያስረዳል። በዚያ ቄሮ የተባለው ነባር ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በወቅቱ ያሳጭድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ነዋሪው በኋላ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን በቅቷል። ለወፍ ዋሻም ሆነ ለኖራ የሚታሰበው ገቢ ድርሻው በቅድሚያ ለአካባቢው ጠባቂና በተዳፋቱ ላይ ለሚሠራው እርከን ሊሆን ይገባል።

ጎብኚ ሁልጊዜ እንደማይመጣም መታወቅ አለበት። ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ጉዞን አስተጓጉሏል። ስለሆነም በውጭ አገር ጎብኚ ብቻ ተማምኖ ትልቅ ሆቴል ከመገንባት፣ ለደሴ መንገደኛ ጥቂት ንጹሕ የድንጋይ ክፍሎች መሥራት ይሻላል። ከዚያም አስቀድሞ የሮቢን የበጋ ፍሰት በየወሩ ለክቶ፣ ቁጥሩን ለማዘጋጃ ቤቱም ለመስኖ ተጠቃሚውም እኩል ማሳወቅና የግንባታ ፈቃዱን በዚያ ልክ መስጠት ያስፈልጋል።