ሕፃንና ውሃ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል በልደታ ሰፈሮች ከምሳሌነት ያልፋል። ክረምት ሲገባ ትንሹ አቃቂና ገባሮቹ ይሞላሉ፤ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረው ጉድጓድም ዝናብ ያቁራል፤ ሕፃኑም ለጨዋታ ወደዚያው ይሳባል። ወላጅ «አትጠጋ!» ይላል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ሩብ ያህሉም ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው። ይሁን እንጂ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ዋና ሳይማሩ አድገዋል። ዋና የማያውቅ ወላጅ ደግሞ ፍርሃቱን ሳያስበው ለልጁ ያወርሳል። አንዳንዱም ልጁን ለማደፋፈር ብሎ ወደ ጥልቁ ይወረውረዋል። እንዲህ የተወረወረ ሕፃን ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የያዘውን እጅ አለማመንን ነው።

የዋና ትምህርት በእስትንፋስ ይጀመራል። ሕፃኑ ከደረቱ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ፊቱን ነክሮ አረፋ ያወጣል። ቀጥሎ አዋቂው ከሥር ደግፎት በጀርባው ይንሳፈፋል። ውሃ ጆሮውን ሲነካው መደንገጡ ስለማይቀር፣ ዐይኑ ከአዋቂው ፊት እንዳይለይ ይደረጋል። ሳንባው አየር ሲሞላ ገላው እንደሚቀልለው ሲረዳ ድጋፉ ቀስ እያለ ይቀነሳል። ከዚያም የገንዳውን ጠርዝ ይዞ እግሩን ያራግባል፤ በመጨረሻም ከውሃው ዞሮ ጠርዙን መያዝ ይለማመዳል።

ይህ ሁሉ በጨዋታ መልክ፣ ለአጭር ጊዜ መሆን ይገባዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ቀዝቀዝ ይላል፤ የሕፃን ገላም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ይውጣ። «ትንሽ ልቆይ» እያለ የወጣ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ልሂድ ይላል።

ዋና መቻል ግን ጠባቂ አያስቀርም። የሚሰጥም ሕፃን ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ስለዚህ አዋቂው በክንድ ርቀት መቆም አለበት።

ገንዳ በሌለበት ሰፈርም መጀመር ይቻላል፤ አዋቂ አጠገቡ ሆኖ ከጠበቀው፣ ሕፃኑ ፊቱን መንከርና አረፋ ማውጣትን በንጹሕ የሳፋ ውሃ ይለማመዳል። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ገንዳና አሠልጣኝ ይሻል። ይህን ለልደታ ልጆች ማስገኘት ደግሞ ከወላጆች ጋር የዚህ ማኅበር አባላት ሁሉ ኃላፊነት ነው።